የተዝካሩ ገንዘብ

ታናሽ ወንድሜ ሞጣ ውስጥ የተማሪ የደንብ ልብስ እየሰፋ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። ወረርሽኙ ገና የሩቅ አገር ወሬ ሳለ በድንገተኛ ሕመም አረፈ። ባለቤቱ ሙያውን ከእሱ ተምራለችና፣ ለእሷና ለሦስት ልጆቿ አንዲት የስፌት መኪና ቀረችላቸው። ለአርባው ተዝካር ሁለት በሬዎቹን ሸጥን። የቤተሰቡ ታላቅም የተማርሁትም እኔ ስለ ነበርሁ፣ ገንዘቡን እኔ በምኖርበት በቢቸና ከተማ ባንክ ውስጥ በስሜ አስቀመጥሁት።

አርባው ሳይደርስ መሰብሰብ ተከለከለ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የደንብ ልብስ የሚያሰፋም ጠፋ። የእኔ ጡረታ ግን በየወሩ ይገባ ነበር። የሰውን ችግር የምሰማው በሬዲዮ ነው።

ክረምቱ ሲገባ የወንድሜ ሚስት ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ የሱቁ ኪራይ ተጠራቅሞብኛል። ከዚያ ገንዘብ ትንሽ ቢሰጡኝ ጣቃ ገዝቼ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ እሰፋለሁ። ሰው አሁን የሚፈልገው እሱን ነው።»

«የሙት ገንዘብ ነው፤ አይነካም።»

«ሙትማ አይራብም፣ ጋሼ።»

«ነፍሱስ?»

«እንግዲያው ነፍሱን እርስዎ ይያዙ፤ ልጆቹን እኔ እይዛለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

በድፍረቷ ተቆጥቼ ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው። እሳቸው ግን «ፍትሐቱ ተደርጎለታል። ገንዘቡን ለልጆቹ ቢሰጡት ምጽዋት ነው፤ ከድግሱ ይበልጣል» አሉኝ። የጠበቅሁት ፍርድ አልነበረምና አልተቀበልሁትም። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለውን ፍርሃቴን ያን ጊዜ ሥርዓት እያልሁ እጠራው ነበር።

ክልከላው ሲነሣ ገንዘቡ ከነወለዱ እንዳለ ነበር፤ ገበያው ግን እንዳለ አልቆየም። ሁለት ሰንጋ ይገዛል የተባለው ገንዘብ አንዱን ገዝቶ ለጤፉ አልበቃም፤ ዘይቱንማ ባላነሣው ይሻላል። ደወልሁና «የጎደለውን ሙዪ፤ የባልሽ ተዝካር ነው» አልኋት። ሞላች። በምን እንደ ሞላች አልጠየቅኋትም።

በድግሱ ዕለት ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ሽማግሌዎቹ ወጡን እያጣጣሙ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» ሲሉኝ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ ምስጋናውን ተቀበልሁ። እሷ ጠላ ልትቀዳልኝ ጎንበስ አለችና «ይብሉ እንጂ፣ ጋሼ፤ የደገሱት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። የሰማ ሁሉ ውዳሴ መሰለው።

አምና ለጉዳይ ሞጣ ሄጄ ያለችበትን ጠየቅሁ። ሱቋን ለቃለች። በተዝካሩ ሰሞን መኪናዋን የገዛት የጨርቅ ነጋዴ ቀጥሯት፣ በዚያችው መኪና ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። የካፖርቴ እጅጌ ተተርትሮ ነበርና አውልቄ ሰጠኋት። ቀና ሳትል ሰፍታ መለሰችልኝ።

«ስንት ልክፈል?» አልኋት።

«ባለቤቱን ይጠይቁ፣ ጋሼ። መኪናዋ የእሱ ናት።»