ለእንግዳ የለቀለቅነው ግድግዳ

«ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» ብለው ከውጫሌ፣ ከቢሮዬ ሲወስዱኝ ለምሳ የምመለስ መስሎኝ ነጠላዬን ወንበሩ ላይ ትቼ ነበር የወጣሁት። ጥያቄው ከክረምት እስከ በጋ ፈጀ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ያስገቡኝ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ የነቀዘ ማሽላ፣ የረጠበ ጆንያ፣ የሰው ላብ። የኋላ ግድግዳው ከዳገቱ ጋር ተጣብቆ ስለተሠራ ውሃ ያዣ ነበር፤ እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። ከላይ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። በእሷ በኩል የመኪና ረዳቶች «ውጫሌ! ወልድያ!» እያሉ ሲጣሩ ይሰማል። መንገዱ ያን ያህል ቅርብ ነው። ጠዋት ጠዋት ያን ጥሪ ስሰማ፣ አገሬን በስሟ እየጠሩ እኔን ጥለውኝ የሚሄዱ ይመስለኛል።

ሦስት ሴቶች ነበርን። አንዷ ከዓረብ አገር ተመልሳ ብዙም ሳትቆይ የተያዘች ወጣት ናት፤ ጅዳ እያልን እንጠራት ነበር። ሌላዋ ከአምባሰል ገጠር የመጡ እናት ናቸው። አሳሪዎቹ ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን ይዘው መጡ። እማማ እንላቸዋለን። መኝታቸው ያ ውሃ የሚያዣው ግድግዳ ሥር ነው። ቦታ እንቀይርዎ ብንላቸው፣ እናንተ ገና ትወልዳላችሁ፣ ብርድ ማሕፀናችሁን አይንካው ብለው እምቢ አሉ። ነሐሴ ላይ ሳል ጀመራቸው። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ የሚተፉበት ጣሳ ውስጥ ደም አየን። ሐኪም ቤት ይወሰዱ ብለን ብንለምን፣ የቦታው ኃላፊ ከበላይ ትእዛዝ ካልመጣ ከዚህ በር አላስወጣም አለ።

አንድ ጠዋት ጠባቂያችን በሩን ከፈት አድርጎ፣ ከነገ ወዲያ እንግዳ እንደሚመጣ ነገረን። አያያዛችንን የሚያዩ ሰዎች ናቸው። አጽዱ አላለንም። የዚሁ አገር ልጅ ስለሆነ ማለት አላስፈለገውም።

እኔና ጅዳ ተያየን። ከበላይ የሚባሉት ራሳቸው መጡ ማለት ነው፤ የእማማን ደረት የሚያድን ትእዛዝ በእነሱ አፍ ውስጥ ነው። እማማን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። በዚህ ቤት እንግዳ ሊገባ ነው? አሉ። ጠባቂውን ጠርተው እበት፣ አመድ፣ ጭድና ነጭ አፈር ለመኑት። እሱም ከቤቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ አመጣላቸው።

እንዲህ ደስ ያለን ቀን አልነበረም፤ ይህን መደበቅ አልችልም። እህቴ ከላከችልኝ ስንቅ ውስጥ ጅዳ ሎሚ አውጥታ፣ በጨው እየፈተገች የበሩን ዝገት አስለቀቀችው። የመስኮቷን መስታወት በረጠበ ጋዜጣ ወልውላ ሰማይ አሳየችን። ዓረብ አገር ማዳሞቿ በውድ መድኃኒት የሚያስጠርጓትን ነገር በሎሚ ልጣጭ መጨረሷ እየገረማት ትስቃለች። እኔ እበቱን ከአመድና ከጭድ ጋር ለወስኩ። እማማ መጀመሪያ ተቀምጠው አዘዙን፤ በኋላ አላስችል አላቸውና ተነሥተው በመዳፋቸው ግድግዳውን ይለቀልቁት ጀመር። በማግስቱ ከላዩ ነጭ አፈር ቀባነው። ከማዳበሪያው ከረጢት ክር መዝዘን፣ ከጅዳ ሻርፕ ጫፍ ቀይ ጨምረን፣ በሳሙና ካርቶን ላይ ክብ ጌጥ ሠራን። የሰቀልነው ውሃው በጣም የሚያዣበት ቦታ ላይ ነው። የደሙን ጣሳ ከበሩ ጀርባ ሸሸግነው። ሥራችንን ጨርሰን ጋደም ስንል፣ ማን እንዳሰረንም ረስተን ግድግዳችንን እናይ ነበር።

እንግዶቹ በማግስቱ ረፋድ ላይ መጡ። ፊት ፊት የሚሄድ ጎልማሳ ሰውዬ፣ ፎቶ የምታነሳ ሴት፣ ከኋላቸው ኃላፊው። እማማ ፀጉራቸውን ተበጥረው፣ የታጠበ ጋቢያቸውን ደርበው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ እንዴት ነዎት አላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እናንተስ ደህና ናችሁ? ቤት፣ ልጆች ደህና?»

ሰውዬው ደህና መሆናቸውን ጻፈ። እኔ ኧረ ታመዋል፣ ደም ይተፋሉ አልኩ። የተበጠረውን ፀጉር አየ፣ ነጩን ግድግዳ አየ፣ እኔንም አየኝ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሮ ንጽሕናው ደስ ይላል፣ ከብዙ ሰው ቤት ይሻላል አለው። ሴትዮዋ ጌጣችንን ፎቶ አነሳችው። ኃላፊው ፈገግ አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። እማማ ወደ ሐኪም የሚወጡበትን በር እኛው በገዛ እጃችን፣ በእበትና በነጭ አፈር መርገናል። መጮህ ፈለግሁ፤ በእንግዳ ፊት መጮህ ደግሞ አልችልም። ጅዳ ክንዴን ጨብጣ «ያ ረቢ፣ ምን ሠራን» አለችኝ በሹክሹክታ።

እንግዶቹ ሊወጡ ሲሉ እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ጌጡን በቀስታ አወረዱና መኝታቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ጣታቸውን ልቅልቁ ውስጥ ሰደዱት። ላዩ እንጂ ውስጡ አልደረቀም ነበር፤ በእፍኛቸው ሙሉ ረግፎ መጣ። ከኋላው አረንጓዴው ሻጋታ ወጣ፤ ውሃው በእጃቸው አንጓ ላይ ወረደ። ሳሉ ያዛቸው። ሁልጊዜ በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍኑ ነበር፤ ያን ቀን አልሸፈኑም። ሳሉ ሲለቃቸው ጭቃ የያዘውን መዳፋቸውን ወደ ሰውዬው ዘረጉ።

«ልጄ፣ ቤቱን ያሳመርነው እናንተን አክብረን ነው። የምተኛው ግን እዚህ ላይ ነው። ደህና ነኝ ያልሁህም ለሰላምታ ነው።»

ኃላፊው ፈገግታውን ሰበሰበ። ሴትዮዋ ያንን መዳፍ አንድ ጊዜ ፎቶ አነሳችው። ሰውዬው ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ሰረዘና ሁሉም ወጡ። በሩ ተዘጋ።

ሳምንት ሳይሞላ እማማን ወደ ደሴ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። እኔና ጅዳ እዚያው ቀረን። ነጩ ግድግዳ ቀስ በቀስ እየረገፈ በየጠዋቱ እንጠርገዋለን፤ መልሰን ግን አልለቀለቅነውም። ጅዳ መስኮቷን እንኳ መወልወል ተወች፤ ሰማዩን ማየት አስጠላኝ አለች።

በጋ ላይ ተፈታሁ። ዛሬ እማማም ተፈትተው አምባሰል ቤታቸው ናቸው። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ልጃቸው እስካሁን አልመጣም። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ስለዚያ ጉብኝት ፌስቡክ ላይ ያገኘሁትን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። ነጭ ግድግዳ፣ ከላዩ ቀይ ያለበት ጌጥ፣ ከሥሩ እማማ ተበጥረው። ብዙ ሰው ወዶታል።

ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው ቆይተው አዩት። ግድግዳው አምሮ ነበር አሉ። ቀጥለው «እጄስ?» አሉኝ።

እሱ የለም፣ አላወጡትም አልኳቸው።

ከዚያ ከበራፉ ላይ እንደተቀመጡ መዳፋቸውን ወደ ብርሃኑ ዘረጉት፤ የተሰነጣጠቀ፣ ባዶ።

«እንግዲያው አንቺ አንሺው።»

አነሳሁት። «ያንን ፎቶ አይቻለሁ፣ ቤታችሁ ያምር ነበር» ለሚለኝ ሰው ሁሉ ይህን አሳየዋለሁ።