ሐይቁ መሀል የጠፋ ሞተር

ትናንት አሰላ መናኸሪያ አንዲት ሴት የዘይት ጀሪካኗን አፍ በፌስታል ሸፍና ክዳኑን ከላይ አጠበቀችው። እኛ አገር ክዳን ብቻውን አይታመንም። ጎበሳ ከተማ እስክትደርስ ጠብታ አይፈስባትም። እኔ ግን ያን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

በወጣትነቴ ጋራዥ ስሠራ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር የሚኖሩት ኦቦ ሁሴን የጀልባቸውን ሞተር ከእኔ በቀር ለማንም አያስነኩም ነበር። የአሰላን ብርድና የገብሱን ማሳ ትቼ ወደ ሙቀቱ ስወርድ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አቅርበው ይጠብቁኛል፤ ሳላወራ ያጎርሱኛል። አንድ መስከረም ካርቡራተሩን ፈትቼ አጸዳሁ፣ የቤንዚን ማጣሪያውን ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ደፋሁ። ውሃ ዳግም እንዳይገባ ብዬም ከክዳኑ ስር ፌስታል አደረግሁ። ጉዴን ያፈላው ይኸው ትጋቴ ነው።

እጄን ሳልታጠብ የኦቦ ሁሴን ምራት ምጥ ጠናባት። ሆስፒታሉ ከሐይቁ ማዶ ነው። ኦቦ ሁሴን «ሞተሩን የሠራው አብሮን ይሂድ» አሉና ተሳፈርኩ።

መሀል ላይ ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ጠፋ። የታንኩን ክዳን ከፍቼ ቤንዚን መኖሩን አየሁ፤ ፌስታሉን አስተካክዬ ዘጋሁ። ተነሣ። ጥቂት ሄዶ ደግሞ ጠፋ። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ጠረግሁ፤ ቱቦውን በአፌ ስስብ ቤንዚን ዋጥኩ። ምራትየዋ የጀልባውን ጠርዝ ይዛ ታቃስታለች።

«ምኑ ነው ልጄ?» አሉ ኦቦ ሁሴን።

«አላወቅሁም።»

«አይዞህ። አንተ ካላወቅህ ማን ያውቃል?»

ከዚህ የከፋ ቃል ሰምቼ አላውቅም። እየቀዘፍን፣ በጣም ዘግይተን ደረስን። እናትየዋ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም።

በማግስቱ ታንኩን ሳጥብ ገባኝ። የጀልባ ታንክ ክዳን አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፤ አየር ካልገባ ቤንዚን አይወጣም። ፌስታሌ ደፍኖታል። ስከፍተው እየተነፈሰ፣ ስዘጋው እየታፈነ ነበር።

ልነግራቸው ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት፣ «የአላህ ሥራ ነው፤ ሞተሩም አርጅቷል። አንተ ግን ለፍተሃል» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ሳልነግራቸው ተመለስኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። እጅግ አርጅተዋል። ልጃቸው አዲስ ሞተር ገዝቷል።

«ከዚያን ቀን ወዲህ ጀልባ አልተሳፈርኩም» አሉኝ። «መጥተህ እየው። አንተ ደህና ነው ካልከኝ እሳፈራለሁ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እያደር ከበደ። «እሺ፣ ሰኞ እወርዳለሁ» አልኳቸው።