ለተጠባባቂ ወንበር የተላከ ሽማግሌ

አንዱአምላክ ገሰሰ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ማሊያ ለብሷል። የባንክ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ የማዘጋጃ ቤት... አንዱማ ክለብ ውድድሩ ሳያልቅ ፈርሶ «ማሊያውን አጥበህ መልስ» ብሎታል። ክለቡ ቢፈርስም ንጽሕናው አልፈረሰም!

ስለ ቅርጫት ኳስ ከዋክብት የሚያወራው ብዙ ነው። ለከዋክብቱ ኳስ የሚያቀብለውን ሰው ግን ስሙን እንኳ አስተካክሎ የሚጠራው የለም። አንዱአምላክ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ አራት ነው። ሥራውም ኳስ እያነጠረ መሻገር፣ ለረጃጅሞቹ ማቀበል፣ ሲሸነፉ መወቀስ። ከዚህ የባሰ ጭቁን መደብ ካለ ኮሚቴ ይቋቋምና ይፈለግ።

በሠላሳ አራት ዓመቱ አገሩ ደብረ ታቦር ተመልሶ ለከተማው ክለብ ፈረመ። አሰልጣኙ ፋሲል ግን ስድስት ጨዋታ ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ጎለተው። የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ናቸው። በእነሱም ካልገባ ውሉ አይታደስም፤ በዚህ ዕድሜው ደግሞ ስምንተኛ ማሊያ የሚሰጠው ሞኝ አይገኝም።

አባቱ አቶ ገሰሰ አንበሳሜ አጠገብ ያርሳሉ። ከተማ ደርሶ የተመለሰ ጎረቤት፣ «ጋሼ፣ ልጅዎን ጥግ አስቀምጠውታል። የሚያጫውተው ሰው የለም» አላቸው። አቶ ገሰሰ ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ የገባቸው ግን ያልሆነው ነው። ልጄ ከአለቃው ተጣልቷል ብለው ሽማግሌ ላኩ።

ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ደርበው ልምምድ መሀል ከተፍ አሉ። ለባለሥልጣን ከወንበሩ የማይነሣው ፋሲል ፊሽካውን ተፍቶ ብድግ አለ።

«ልጃችን አጥፍቷል» አሉ አንጋፋው መሪጌታ ይሻው። «ምን እንዳጠፋ አናውቅም። ብቻ ይቅር በለው።»

«ኧረ አባቴ፣ ምንም አላጠፋም!»

«ሳያጠፋ ነው የምትቀጣው?»

«ቅጣት አይደለም፤ እንዲያርፍ ነው።»

«ምን ሠርቶ ደከመውና?»

ተጫዋቾቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዱአምላክ ፊቱን በማሊያው ሸፈነ።

«እውነቱን ልንገርዎት» አለ ፋሲል። «እግሩ ዘግይቷል። ሞገስ የሚባል የሃያ ዓመት ልጅ አለኝ፤ እንደ ንፋስ ነው።»

«ንፋሱ ኳስ ይይዛል?»

«ይጥላል» አለ ፋሲል እየቀፈፈው።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«የእስቴ ገበሬ ልጅ ነኝ።»

«እንግዲያው ንገረኛ፤ አባትህ ወይፈን ሲገሩ ከማን ጋር ይጠምዱት ነበር?»

ፋሲል ወደ ሞገስ ዞር ብሎ አየ። መልሱን የእስቴ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

«ከለመደ በሬ ጋር» አለ በመጨረሻ። «እሺ፣ ቅዳሜ ሁለቱን አብሬ አስገባለሁ።»

ሽማግሌዎቹ በዚህ አልበቃቸውም። «በሉ ተሳሳሙ» አሉ። ተጣልተው የማያውቁት ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው ታረቁ። ታላላቅ ጉባኤዎች በሦስት ቀን የማይጨርሱትን፣ ሦስት ጋቢ በሩብ ሰዓት ጨረሰው።

ቅዳሜ አንዱአምላክ አሥራ ሦስት ደቂቃ ተጫወተ። ራሱ ያገባት አንዲት ቅርጫት ናት፤ ያቀበላቸው ኳሶች ግን ሰባት ጊዜ ገብተዋል። ሞገስም አንድ ኳስ አልጣለም። ቡድኑ በአራት ነጥብ አሸነፈ። ሰኞ ውሉ ለአንድ ዓመት ታደሰ። ከዋክብቱ አንድ ዓመት ሲባሉ ያለቅሳሉ፤ አንዱአምላክ ግን እርሻ የተጨመረለት ያህል ፊቱ በርቶ ፈረመ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ ሞገስ ከፊት ይፈተለካል፤ አንዱአምላክ ከኋላው እያለከለከ ይጮኻል፦

«ቀና በል አንተ! ኳሷ የትም አትሄድብህም፤ ሰው እይ!»