የለመደው ማነው?

እዚህ ግቢ ስትመጣ ይዛ የመጣችው አንድ የመሣሪያ ሳጥን፣ አንድ ፍራሽና አንድ ጥያቄ ነበር። "ሽንት ቤቱን የሚያጸዳው ማነው?" አለች፣ ገና በሩ ላይ ቆማ።

"ሁላችንም፣ በየተራ" አልናት።

ሳጥኗን መሬት አስቀመጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የግቢው ሰው ናት።

እትዬ ቧንቧ እንላታለን። ዕድሜዋን ሙሉ ቧንቧ ሠራተኛ ነበረች። የሰው ሽንት ቤት ሲዘጋ ትጠራለች፤ ባለቤቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው በሩን ይከፍቱላታል። "ራሳቸው የደፈኑትን እኔ ይዤባቸው የመጣሁ ይመስል!" ትላለች እስከ ዛሬ። "እጄን ልታጠብ ስል ደግሞ ወደ ጓሮ ነው የሚያሳዩኝ።"

ግቢያችን ድሮ የጡብ ፋብሪካ ነበር። የፈረሰውን ጠግነን፣ አትክልት ተክለን፣ የዝናብ ውሃ በበርሜል እያጠራቀምን እንኖርበታለን። አለቃ የለንም። መንገደኛ ይመጣል፤ እስከ ምሳ ይሠራል፣ በሥራው አልጋና ምግብ ያገኛል፣ ሲበቃው ይሄዳል። የፍሳሽ መስመር ስለሌለን ሽንት ቤቱ ውሃ አይፈልግም። ከመቀመጫው ሥር ባልዲ አለ፤ የተጠቀመ ሰው አንድ ጣሳ ሰጋቱራ ይነሰንስበታል። የሞላው ባልዲ ጓሮ ባለው የጣውላ ሳጥን ውስጥ ይገለበጥና ድርቆሽ ይለብሳል፤ ከርሞ ለዛፎቹ አፈር ይሆናል። ይህን የሠራችው እሷ ናት። ደንቡንም ያወጣችው እሷ ናት፦ አልጋ የተሰጠው ሁሉ፣ ነዋሪም ይሁን መንገደኛ፣ ተራው ሲደርስ ባልዲ ያነሳል።

ጭቅጭቁን ያመጣብን አንድ ረጅም ጎረምሳ ነው። አትክልት ኮትኩቶ ሊያድር የመጣ መንገደኛ ነበር። ተራው ሲደርስ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

"እትዬ፣ እንቀያየር። እኔ የእርስዎን የሳህን ተራ ልውሰድ፣ እርስዎ ባልዲዋን።"

"ሳህኔን ምን አርጎኝ? ሳህኔን አጥባለሁ። አንተም ባልዲህን አንሳ።"

"ቤቱ ሥራ የሚለዋወጡበት አይደል እንዴ?"

"ሥራ ይለወጣል። ኩስህን ግን ማን በምን ይለውጥልሃል?"

ረጅሙ ሄዶ ለመምህሩ ከሰሳት። መምህሩ ጡረታ የወጣ፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጥ፣ በስብሰባ ላይ ድምፁ ከሁሉ የሚሰማ ሰው ነው። ማታ ስንሰበሰብ ጀመረ። "መንገደኛ ካልመጣልን ያንን ሁሉ አትክልት ማን ይኮተኩታል? እዚህ አድረው የሄዱት ልጆች ኢንተርኔት ላይ ስማችንን እያጠፉት ነው። እኔ የምለው፣ ባልዲውን ለለመደው ሰው እንተወው።"

"የለመደው ማነው?" አለች።

 የሁላችንም ዓይን ሄዶ እሷ ላይ አረፈ፤ የግቢው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆንኩት የእኔም ጭምር።

"ገባኝ" አለች። "እምቢ።"

እኛ ዘንድ አንድ ሰው እምቢ ካለ ነገር አያልፍም። ስለዚህ አላለፈም። ባልዲውም ግን አልተነሳም። ረጅሙ ተራውን ዘለለ፤ ቀጥሎ ያለው እሱን አይቶ ዘለለ። ሁላችንም በሆዳችን ያሰብነው አንድ ነገር ነው፦ እሷ ሽታ አትችልም፣ ተናዳም ቢሆን ታነሳዋለች።

አላነሳችም። ከጣውላ ቁርጥራጭ የራሷን መቀመጫ ሠርታ ቁልፍ አበጀችለት፤ የራሷን ባልዲ እያነሳች፣ እያጠበች ፀሐይ ላይ ታደርቀዋለች። ከዚያ ወንበሯን ከትልቁ ሽንት ቤት ፊት ለፊት አድርጋ የሚያንጠባጥቡ የውሃ መክፈቻዎች ትጠግናለች። የሚገባውን ሁሉ ሰላም ትላለች። አፍንጫውን ይዞ የወጣውን ደግሞ "ምነው፣ ምን ሸተተህ?" ትለዋለች።

በመጨረሻ ምግብ አብሳይዋ መጣች። "እትዬ፣ በሞቴ! ዝንቡ ማድቤት ገባ እኮ።"

"በሞቴ አትበዪኝ። የዛሬ ተራ የማነው?"

"የመምህሩ።"

"እንግዲያ እሳቸውን ለምኚያቸው።"

ምግብ አብሳይዋ ልመና አታውቅም። መምህሩ ክፍል ደጃፍ ቆማ፣ ባልዲው ሳይነሳ ምድጃ አይለኮስም ብላ ተመለሰች።

መምህሩ ባልዲውን በሁለት እጁ ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ብቅ አለ። በተራመደ ቁጥር ይፈናጠርበታል። እትዬ ቧንቧ ከወንበሯ ተነሳች።

"ወደ ራስዎ ያስጠጉት እንጂ! ሲያርቁት ነው የሚፈስብዎ።"

"አሁን ደስ አለሽ?"

"ገና ነኝ። ክዳኑን ረስተዋል።"

ከደነው፣ አስጠጋው። ከዚያ በኋላ ጠብ አላለም። እሷ የሳጥኑን በር ከፈተችለት፣ ለድርቆሹ መንሽ አቀበለችው፤ ሌላ አላገዘችውም።

ረጅሙ በዚያው ቀን ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ። ሄዶም ዝም አላለም፤ ኢንተርኔት ላይ የጻፈብንን ራት ላይ እኔ አነበብኩላቸው፦ "አልጋው ጥሩ፣ ሾርባው ጥሩ። ግን አንዲት ቧንቧ ሠራተኛ ሴትዮ አለች፤ የራስህን ባልዲ ታሸክምሃለች። እንዳትሄዱ።"

"ይኸው፣ አለቀልን" አለ መምህሩ።

"ምኑ ነው ውሸት?" አለች። "በትልቁ ጻፉልኝ።"

ጣውላ ላይ ጻፍንላት። መሰላል ወጥታ የግቢው በር ላይ ራሷ ቸነከረችው፣ "እንዳትሄዱ" የሚለውን እንኳ ሳታስቀር።

ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሰው ቀንሷል። ዘንድሮ ጎመኑን የኮተኮትነው እኛው ነን፣ ወገባችን እስኪቆረጥ። አንዳንዱ በሩ ላይ ቆሞ ያነብና ይመለሳል፤ እሷም ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች "መልካም መንገድ!" ትለዋለች። አንብቦ የገባውን ግን መጀመሪያ የምትጠይቀው ስሙን አይደለም።

"ወገብህ ደህና ነው?" ትለዋለች።