በደሴቱ ላይ ያበድኩባት ሳምንት

በጃንሆይ ዘመን፣ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ልብስ እሰፋ ነበር። ሙያውን የተማርኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ መርካቶ ውስጥ ኮት ሲገለብጥና ሱሪ ሲያሳጥር ኖሮ ሞተ። እሱ ሲሞት ከእህል በረንዳ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየሁና ከአንዲት ያገሬ ልጅ ጋር መኖር ጀመርኩ። የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነበር። ጸጉሯን የምሠራት እኔ፣ ስትታመም ገላዋን የማጥባት እኔ። እህት ስላልነበረኝ እሷን እህቴ አደረግኳት።

አንድ ክረምት ስፌት ጠፋ። አማኑኤል ሆስፒታል አንሶላና የሕሙማን ልብስ የሚጠግን ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ሄድኩና ስድስት ወር ያህል ሠራሁ። ጠዋት እገባለሁ፣ ማታ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ጓደኛዬ አንዳንድ ቀን ምሳ ታመጣልኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ጨርቅ በጅምላ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ዓይኑን ጣለብኝ። ለዕድሜው የረጋ ሰው ነበር። ጣቃ አስይዞ በረንዳዬ ድረስ ይመጣና ስለ ስፌት እየጠየቀ ይቆማል። አንድ ቀን፣ "ሽማግሌ ብልክ አጎትሽ ያሳፍሩኝ ይሆን?" አለኝ።

"ልከው ይዩት" አልኩ፤ ከዚያ በኋላ መርፌው ሁለት ጊዜ ጣቴን ወጋኝ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። አጎቴ እንደ ወጉ፣ "ዘመድ እናማክር፣ በሳምንቱ ተመለሱ" አላቸው። አልተመለሱም። ሳምንቱ ወር ሆነ። ነጋዴው በበረንዳዬ በኩል ማለፉን ተወ። አራት ወር ሳይሞላ ጓደኛዬን አገባ። ልብሷን ከክፍላችን ስትወስድ፣ "ዕድል ነው፣ አትቀየሚኝ" አለችኝ። እኔም ዕድል መስሎኝ አልተቀየምኳትም፤ የሠርግ ቀሚሷን እንኳ ያጠበብኩላት እኔ ነበርኩ።

እውነቱን የነገሩኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የአባቴ ወዳጅ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ሱሪ ሊያስጠግኑ መጥተው ብዙ ካቅማሙ በኋላ፣ "ልጄ፣ አሁን ተሻለሽ?" አሉኝ።

"ምኔን፣ አባባ?"

"አማኑኤል ገብታ የወጣች ናት፣ አሁንም አንዳንዴ ይነሳባታል ተባለ እኮ። አብራሽ ትኖር የነበረችው ልጅ ናት ለነጋዴው እናት ሄዳ የነገረችው። በዓይኔ አይቻለሁ ብላ ማለች።"

ወሬው ከእናቱ አልፎ ሰፈሩን አዳርሶ ኖሯል። ለካ ለዚህ ነው ሴቶች ቀሚስ ሲለኩ መቀሱን ከአጠገቤ ገለል የሚያደርጉት። ለካ ለዚህ ነው ብቻዬን ሳንጎራጉር የሚያልፍ ሰው የሚጠቃቀሰው። አንዷ ደንበኛዬ ሕፃን ልጇን ልታቀፍ ስል ነጥቃኛለች፤ ያን ቀን ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚያጨኝ አልመጣም። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ነገሩን እንደ ጥሩ ጨርቅ አጥፌ አስቀመጥኩት።

ከዕለታት አንድ ቀን ጓደኛዬ ከመኪና ወርዳ በረንዳዬ ላይ ቆመች። ወፍራለች፣ አምሮባታል። ከባሏ ጋር ቀይ ባሕር ልትሄድ ነው። ከምፅዋ በጀልባ የሚደረስበት ደሴት ላይ አንድ ሽማግሌ ጣልያን ለሀብታም እንግዶች የእንጨት ቤቶች ሠርቷል፤ እዚያ አንድ ሳምንት ሊሰነብቱ ነው። አምስት ቀሚስ አዘዘችኝ። ስለካት ቆየችና፣ "ለምን አብረሽን አትመጪም?" አለች። "ሠራተኛዬ ባሕር ትፈራለች። የሚተኩስልኝ፣ ልብስ የሚያስተካክልልኝ ሰው እፈልጋለሁ። አንቺም ዓለም ታያለሽ።"

ዓለም እንዳይ ሳይሆን እሷን እንዳያት መፈለጓ ገብቶኛል። ያም ሆኖ እሺ አልኩ።

"እዚያ ሰው ስለሚኖር ግን፣ 'እርስዎ' እያልሽ ጥሪኝ" አለች።

"እሺ፣ እትዬ" አልኳት።

እስከ አሥመራ በአውሮፕላን፣ ከአሥመራ ምፅዋ በመኪና ወረድን። ቁልቁለቱ ጆሮዬን ደፈነው። በማግሥቱ በጀልባ ስንጓዝ ዶልፊኖች ከጎናችን እየዘለሉ አጀቡን። ባሏ እንደ ልጅ ተንጠራርቶ ሲስቅ አየሁትና የተወሰደብኝ ምን እንደሆነ ያኔ በትክክል ገባኝ።

ደሴቱ እንዲህ ነው ብዬ ለመርካቶ ሰው ብነግር ማንም አያምነኝም ነበር። አሸዋው እንደተነፋ ዱቄት ነጭ ነው። ውኃው ከዳር አረንጓዴ፣ ራቅ ሲል ሰማያዊ ነው፤ ወገብ ድረስ ገብቶ የእግር ጣትን መቁጠር ይቻላል። ምሳ ከባሕር የወጣ ዓሣ ነው፤ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ በረዶ ከገባበት ውኃ ጋር ይቀርባል። እሷ ጥላ ሥር ጋደም ትላለች፣ እኔ ፎጣ ይዤ እቆማለሁ። በሁለተኛው ቀን ለሌሎቹ እንግዶች እኔ እንዳልሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አማኑኤል የነበረች ናት፤ አዝኜላት ነው ይዣት የምዞረው" ስትል ሰማኋት። በእኔ እብደት ደግሞ ጽድቅ ልትገዛበት ነው።

ያን ጊዜ ቆረጥኩ። እብድ ነሽ ካለችኝ፣ እብዷን ለምን አላሳያትም?

ባሏ በየቀኑ ረፋዱ ላይ ከባሕር ሥር ሉል የሚያወጡትን ጠላቂዎች ሊያይ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ይሄዳል። የዚያን ቀን እንደሄደ ዛጎል ለቅሜ በተጋደመችበት ወንበር ዙሪያ አንድ በአንድ ደረደርኩ። ክቡ ሲዘጋ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ዓይኔን ሳልነቅል አየኋት።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለች።

"ቀስ ይበሉ፣ እትዬ። የተኙትን ይቀሰቅሷቸዋል።"

"እነማንን?"

መቀሴን አውጥቼ አየሩን ቀስ እያልኩ መቁረጥ ጀመርኩ። ይህን ሆስፒታል ሳለሁ አንዲት ሕመምተኛ በባዶ ጣቷ ስታደርገው አይቻለሁ። የዚያችን ምስኪን ሕመም መዋሴ ዛሬም ይከነክነኛል፤ በጓደኛዬ ላይ ያደረግኩት ግን አይከነክነኝም።

ባሏ ሲመለስ የሸሚዙን ቁልፍ እየተከልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ አገኘኝ። እሷ ሮጣ፣ "አብዳለች፤ በዛጎል ከበበችኝ" አለችው።

"ዛጎል መልቀም እብደት ሆነ?" አለና ሳቀ።

በማግሥቱ ጫማዋን ስታጠልቅ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተሸክመው የሚሄዱ ትንንሽ ሸርጣኖች ከውስጡ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀሚሷን እየተኮስኩ ካውያውን አንስቼ፣ እንደ ሰው እያዋየሁት በእሷ ስም ጠራሁት። እሷ እንቅልፍና ምግብ አጣች። ባሏ ሲመጣ እኔ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነኝ፣ ቃሌ ሁልጊዜ ለስላሳ ነው።

በአራተኛው ቀን በአቅራቢያችን ያለውን ትልቁን ደሴት ልናይ በጀልባ ሄድን። እዚያ የድሮ መቃብሮች አሉ፤ አረብኛ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች፣ ነፋስና ጨው ያልፈታቸው። የሚጠብቁት አዛውንት ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። አባቴ ፊደሉን በልጅነቴ አስቆጥሮኝ ስለነበር አብሬያቸው ጥቂት ቃል ለቀምኩ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ለአባቴ ነፍስ ፋቲሃ፣ የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ቀሩለት። ለአንድ አፍታ የመጣሁበትን ሁሉ ረስቼ ነበር።

ባሏና አዛውንቱ ከዓለት የተፈለፈለውን የውኃ ጉድጓድ ሊያዩ ወደ ፊት አለፉ። እኛ ሁለታችን ቀረን። አንድ ድንጋይ አጠገብ ተንበርክኬ ጆሮዬን ለጠፍኩና፣ "እሺ፣ እነግራታለሁ" አልኩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሬ፣ "እዚህ ጋ ቦታ አለ ይላሉ፣ እትዬ" አልኳት።

ጩኸቷ ከዳር ሲግጡ የነበሩትን ሚዳቋዎች በታተናቸው። ባሏ እየሮጠ መጣ። እኔ ቆሜ ነጠላዬን አስተካክል ነበር።

"ፀሐዩ ሳይከብዳቸው አልቀረም፣ ጋሼ" አልኩት። እሱም አዝኖ አያት፤ ማዘኑ ከቁጣ ይበልጥ አስደነገጣት።

ማግሥቱን ምሳ ላይ ሰሐን ሳቀርብላት በእጇ ገፋችው። ዓሣው ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሌሎቹ እንግዶች ማኘካቸውን ተዉ።

"ይቺን ሴት ከፊቴ አንሱልኝ፤ እብድ ናት" አለች።

ባሏ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ "አማኑኤል እንደነበረች የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ይነሳባታል ካልሽ ለምን ይዘሻት መጣሽ?" አላት።

"አልነበረችማ፤ አንሶላ ልትሰፋ ነበር የምትገባው። ያኔ ደህና ነበረች፤ ያበደችው አሁን ነው" አለች።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ባሏ ሹካውን አስቀመጠ። እሷን ብዙ አየ፣ ከዚያ እኔን። እኔም የተደፋውን ዓሣ በጨርቅ እያነሳሁ፣ "ስድስት ወር ሙሉ አንሶላ ሰፍቻለሁ፣ ጋሼ" አልኩ። "አንዳንድ ቀን ምሳ የምታመጣልኝ እሷ ነበረች።"

ለመጀመሪያ ጊዜ "እሷ" አልኳት። አላረመችኝም።

የቀሩትን ሁለት ቀናት ማንም ከማንም አልተነጋገረም። እኔ ግን ውኃው ውስጥ ገባሁ። አንዲት የባሕር ኤሊ ከሥሬ እንደ ትልቅ ትሪ ተንሳፍፋ ስታልፍ አየሁ። በእድሜዬ እንደዚያ ቀን ምግብ ጣፍጦኝ አያውቅም፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

አዲስ አበባ ስንመለስ ወሬው በራሱ እግር መርካቶን አዳረሰ። ምሳው ላይ ከነበሩት እንግዶች ሁለቱ የአዲስ ከተማ ነጋዴዎች ነበሩ። ከወር በኋላ ጓደኛዬ ወደ ደሴ፣ ወደ ዘመዶቿ ሄደች። ተባረረች የሚል አለ፤ በራሷ ሄደች የሚልም አለ። አልጠየቅኩም።

ነጋዴው አንድ ቀን ጠዋት በረንዳዬ ላይ መጥቶ ቆመ። ጸጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል።

"ተበድለሻል" አለኝ። "ብትፈቅጂ ሽማግሌዎቹን መልሼ እልካለሁ።"

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። "ያኔ ከሱቅዎ እስከዚህ ስንት እርምጃ ነበር?" አልኩት።

"ቅርብ ነበር።"

"መጥተው፣ 'እብድ ነሽ ወይ?' ብለው ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?"

አጠገባችን አንድ ሰው ሊለካ ጣቃውን ይዞ ይጠብቅ ነበር።

"እሷ ዋሸች" አልኩ፤ "እርስዎ ደግሞ አመኑ። ለእሷ አንድ ሳምንት በቃት። ለእርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ እምቢ እላለሁ።"

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። የሚጠብቀውን ሰው ቀረብ እንዲል ነገርኩትና ትከሻውን ለካሁ። የዚያን ቀን መርፌው ጣቴን አንድም ጊዜ አልወጋኝም።