ጉና ድረስ የታወቀችው ግማሽ ዘፈን

ሬዲዮ የድሮ ዘፈን ሲያወጣ እበሽቃለሁ። ያችኑ አስር ዘፈን ነው የሚያመላልስ። በሰሞኑ እንደ ጉድ ተዘፍኖ ዛሬ ዘፋኙ ራሱ የረሳው ስንት አለ መሰላችሁ። እኔ አንዷን አልረሳትም፤ ልታዋርደኝ ትንሽ ነበር የቀራት።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ካሴት የሚቀዳ አንድ ሱቅ ነበር፤ ቀጂው እኔ። ከዘጠነኛ ክፍል የተባረርኩት አስተማሪ አርሜ ነው። ትክክል ነበርኩ፤ እሱን ግን ማንም አልጠየቀ። የሱቁ ባለቤት ጋሼ ቆጥቋጣ ናቸው፣ ፍርሃታቸው ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የቀበሌ ጥበቃዎች ድንገት ገብተው ካሴት ስለሚያስከፍቱ፣ ማንኛውም ካሴት መጀመሪያው ላይ የአብዮት ማርሽ ይኑረው አሉ። ማርሹ ደግሞ አያልቅም። እሱ በበላው ልክ የመጨረሻዋ ዘፈን ትቆረጣለች።

የተቆረጠችው የአንድ የአዲስ አበባ ባንድ ዘፈን ናት። ሸክላውን ከአንድ ሾፌር ተውሰው ዋናውን ካሴት የቀዱት ጋሼ ናቸው፤ እኔ ከዚያ ነው የማባዛው። ዘፋኙ ልጅቱን ያሞግሳል፣ ደጅ ይጠናል፣ ይለምናል። ከዚያ «አልመጣም ካልሽኝ ግን» ሲል ክሩ ያልቅና የቴፑ ቁልፍ ጧ ብሎ ይነሳል። ለኛ ዘፈኑ እስከዚያው ነው። ሰርግ ላይ ሙሽራው፣ ሚዜው፣ አጃቢው እኩል «አልመጣም ካልሽኝ ግን፣ ጧ» ብሎ አንዴ ያጨበጭብና ቀጥ ይላል። ሌላ መጨረሻ ይኖረዋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ለሆስፒታሉ ነርስ ተመድባ ከአዲስ አበባ መጣች፣ አስረኛ ክፍል የምትማር ታናሽ እህቷን አስከትላ። መርፌ ልወጋ ሄጄ ሌላ በሽታ ይዤ ተመለስኩ። ደብዳቤ እንዳልጽፍ፣ በዚያ ዘመን ደብዳቤ ሌላ ሰው ከፍቶት ስብሰባ ላይ ሊያነሳብህ ይችላል። ስለዚህ የኛ ጎረምሳ ካሴት ነበር የሚልከው። የካሴቱ የመጨረሻ ዘፈን የላኪው ቃል ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም፣ እሷም ሰምታለች። ያችኑ ዘፈን መጨረሻ ላይ አድርጌ በሆስፒታሉ ዘበኛ እጅ ላኩላት።

ሦስት ቀን ዝም። በአራተኛው ቀን፣ ሱቁ በገበያተኛ እንደተጨናነቀ፣ ገብታ ካሴቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ታናሼን ነው እንዴ የፈለግከው?»

«የምን ታናሽ፣ ሲስተር?»

«‹አልመጣም ካልሽኝ ግን፣ ታናሽሽን ጥሪልኝ› ነው እኮ የሚለው።»

ከዚያ በኋላ ዘፋኙ እስከ መጨረሻው ታናሽየዋን ነው የሚያሞግሰው አለች። ጋሼ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ፤ ያን ጊዜ ገባኝ፣ የዘፈኑን መጨረሻ እሳቸው ከመጀመሪያውም ያውቃሉ። በቀኑ ታቦት ማልኩላት። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው እስከ ጧ ነው አልኳት። የምን ጧ አለችኝ። ባስረዳሁ ቁጥር ይብስ ውሸት መሰለ።

«ገበያ እንውረድ» አልኳት። «የፈለግሽውን ሰው አንች ራስሽ ምረጭ። አንዱ እንኳ ከዚያ ካለፈ ሁለተኛ ደጅሽ አልደርስም።»

ወረድን። መጀመሪያ ቅቤ ሻጭ መረጠች። ሴትዮዋ እያፈረች ዘፈነች፣ ጧ ብላም ጨረሰች። ቀጥላ ልብስ ሰፊ መረጠች፤ እሱም እግሩን ከሲንጀሩ ሳያነሳ ጧ አለ። ሲስተር አሁንም አላመነችኝም፤ የሱቅህ ደንበኞች ናቸው አለች። ዞር ዞር ብላ ከጉና ድንች በበቅሎ ጭነው የመጡ ሽማግሌ ጋ ሄደች። እኝህ ሰው ቴፕ ባይናቸው አይተው የሚያውቁ አይመስሉም። ደነገጥኩ። ካላወቁት ምን ልል ነው፣ እስከ መጨረሻው ካወቁትማ አለቀልኝ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቅዳሴ እንደሚቀበል ሰው ረጋ ብለው ዘፈኗት። «አልመጣም ካልሽኝ ግን» አሉ፤ ትንሽ ቆዩና፣ «ጧ።»

ሲስተር እየሳቀች የድንቹ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋን ጠርጋ፣ አባባ ዘፈኑ እኮ ይቀጥላል ብላ የቀረውን ዘፈነችላቸው። አዳምጠው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ተይው ልጄ። ይኸ ኋላ የተጨመረ ነው። ምን የወለደው ባለጌ ነው እህትን በእህቷ አፍ የሚያስጠራ?»

ልክ ነዎት አለቻቸው። ከዚያ አንድ ከረጢት ድንች ገዛችና አንስታ እኔ ላይ ጫነችው። አመንኩህም አላለች፣ ሂድም አላለች፤ ከፊት ከፊት መሄድ ጀመረች። ልብስ ሰፊው ሲያየኝ፣ ካሴት ቀጂው ኩሊ ሆነ ብሎ ለመንገዱ ሁሉ አሰማ። ለሱ የሚሆን አራት መልስ ነበረኝ፣ አንዱንም አልተነፈስኩ። አፌ አንድ ነገር ቢያበላሽስ ብዬ ዳገቱን በዝምታ ጨረስኩት።

በሩን የከፈተችው ታናሽየዋ ናት። ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ አየችኝ።

«ለኔ ካሴት የላከው ይሄ ነው?»

«ለኔ ነው የላከው» አለች ሲስተር። «እሱ የኔ ነው። አንቺ ድንቹን ተቀበይው።»