በአጥር ቀዳዳ ያጣራሁት አጥንት

መካነ ኢየሱስ ስምንተኛ ክፍል ስማር ጢሜን እላጭ ነበር። በጃንሆይ ዘመን ለእኛ አገር ተማሪ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ቤት ቆይቼ ነው አስኳላ የገባሁት። አንድ ቀን የእንግሊዝኛው መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፈ፤ ሲነበብ «ስኑፕ» ነው። «የማያገባህን የሰው ነገር ተደብቀህ መጎርጎር ማለት ነው» አለን። አጠቃቀሙንም አስረዳ። ደመወዝ ለሚቆረጥለት ሰላይ ብዙም አይባልም፤ ዓይኑ ያረፈበትን ዝም ብሎ ለሚያይ ሰውም አይባልም። የሰው ጓሮ እየዞረ ለሚያነፈንፍ፣ የሰው ደብዳቤ ለሚከፍት፣ በር ላይ ጆሮውን ለሚለጥፍ ነው። ሲነገርም ንቀት አለበት።

ዓረፍተ ነገር ሥሩበት ሲለን እጄን አወጣሁ። ለእኅቴ ጥቅም ስል በሰው ግቢ ስኑፕ አደረግሁ፣ አልኩ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቀም። «ለጥቅሟ ከሆነ አጣራሁ በል፤ ለዚያ ሌላ ቃል አለ» አለና ትንሽ አሰበ። «ሰው እንዳያይህ ተደብቀህ ነበር?»

«እንዴታ» አልኩ።

«እንግዲያው ቃሉ ይኸው ነው፤ ትክክል ብለሃል።»

ደሜ ፈላ። የከተማ ልጅ ስለ አጥንት ምን ያውቃል ብዬ በሆዴ ሰደብኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ከፋሲካ በኋላ ለታናሽ እኅቴ ሽማግሌ መጥቶ ነበር። ልጁን ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም እያየች ታውቀዋለች፤ ስሙ ሲነሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ከእኔ ግን አልደበቀችም። «ወንድምዓለም፣ እሱ ከሆነ እሺ ነው፤ እሱ ካልሆነ ግን ለማንም ስጡኝ፣ ለእኔ ያው ነው» አለችኝ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ልጅ ከመዳሯ በፊት የወዲያኛው ወገን አጥንት ይጣራል። በዘሩ ደዌ አለ ወይ፣ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ ነው ወይ ይባላል። ፊት ለፊት መጠየቅ ስድብ ስለሆነ ሰው በስውር ይላካል። አባቴ «አንተ የተማርክ ነህ፣ አይተህ ና» ብለው እኔን ላኩ።

ጥጃ የጠፋው ሰው መስዬ ወደ መንደራቸው ወረድኩ። ከአጥሩ ጀርባ ቁልቋል ሥር ተሸጉጬ በቀዳዳ ማየት ያዝኩ። የልጁ እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱም እጆቻቸው በጨርቅ ተጠቅልለዋል። አንዲት ልጅ አጠገባቸው ሆና እያጎረሰች ታበላቸዋለች፤ ውሃውንም ቅሉን ከአፋቸው አስጠግታ ታጠጣቸዋለች። ቁምጥና ነው፣ ጣቶቻቸው አልቀዋል አልኩ። ሌላ ምን ማየት ነበረብኝ፤ እግሬ አውጪኝ ብዬ ተመለስኩ።

አባቴ ሲሰሙ አማተቡ። «አበጀህ፣ እኅትህን አተረፍካት» አሉኝ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ የእናቲቱ ነገር አልተነሳም። «ብንቆጥር በአምስት ቤት ዘመድ ሆነን ተገኘን» ተባሉ። ይህች ምክንያት ለሁሉም ትመቻለች፤ ማንም አይቀየምባትም፣ ዘመዴ አይደለህም ብሎ ደፍሮ የሚከራከርም የለም። እኅቴም የሰማችው ይህንኑ ነው። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ክረምቱ ሳይገባ ሲማዳ፣ ከወገዳ ማዶ ሚስቱ ለሞተችበት ጎልማሳ ተዳረች።

ያን ቃል ከተማርን ወር ሳይሞላ ገበያ ላይ ሴትዮዋን አየኋቸው። ምስር እየሰፈሩ ይሸጣሉ። አሥሩም ጣቶቻቸው አሉ፤ ቆዳቸው ብቻ ተጨማዷል። እሳቸው እኔን አያውቁኝም፣ ከየት ያውቁኛል።

«እናቴ፣ እጅዎን ምን ነካዎት?» አልኳቸው።

«ሰም ነው፣ ልጄ። አምና ለልጄ የምትታጭ ልጅ አግኝተንለት ነበር። ነገሩ ከሰመረ ጧፍ አስገባለሁ ብዬ ለማርያም ተስዬ፣ ደስታው አስቸኩሎኝ አስቀድሜ ሰሙን ሳቀልጥ ድስቱ ተገለበጠብኝ። ኋላ ደግሞ ዘመድ ሆነው ተገኙና ቀረ። ምስር ልስፈርልህ?»

የጠየቅኋቸው አንዲት ጥያቄ ነች። ለማያውቁት ሰው፣ በገበያ መሐል፣ ምንም ሳይደብቁ ነገሩኝ። ምስሩን ሳልገዛ ሄድኩ፤ የት እንደሄድኩ ግን ዛሬም አላስታውሰውም።

ለገና ትምህርት ሲዘጋ በእግሬ ሲማዳ ወረድኩ። እኅቴን አውድማ ዳር ገብስ ስታበጥር አገኘኋት። ከስታለች፣ ጠቁራለች፤ ሳየው የኖርኩት ፊት አይመስልም። አጥሩን፣ ጨርቁን፣ ሰሙን፣ ሁሉንም ነገርኳት። እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ዘመዴ አይደለም?» አለች።

«አይደለም። በምንም አንገናኝም።»

ከቀሚሷ ላይ እብቁን አራገፈች።

«ወንድምዓለም፣ እኔ እኮ ዘመዴን ተመኘሁ ብዬ ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ» አለችኝ። «ሐሳቡ ከልብሽ እስኪወጣ በየቀኑ አርባ አርባ ስገጂ አሉኝ። ዛሬም ጠዋት ሰግጄ ነው የወጣሁት።»